አራት ትከሻ

እትዬ ሹራብ ጠዋት ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ ወገባቸውን ይከፍላሉ። ባላቸውን ከግራ ጎን ወደ ቀኝ ጎን ማገላበጥ አለባቸው፤ ካላገላበጧቸው ገላቸው ይቆስላል። ቀጥሎ ክንዳቸውን ይከፍላሉ። ውሃው አራተኛ ፎቅ ድረስ መውጣት ስለማይችል ከግቢው ቧንቧ በጀሪካን ቀድተው፣ በየፎቁ እያሳረፉ፣ እያለከለኩ ያወጡታል። ከዚያ እስኪመሽ ድረስ ዓይናቸውን ለሹራብ መሥሪያው ማሽን ይሰጣሉ። ይሄ ሁሉ ግን ርካሹ ነው። ውዱ ወጪ የሰው ፊት ነው። ባላቸውን ከአልጋ አንስቶ ወንበር ላይ ለማስቀመጥ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በየቀኑ የአንድ ሰው በር ማንኳኳት ግድ ነው። የሰው ፊት ደግሞ እሳት ነው ይላሉ የሚያውቁት።

እኔ ከእሳቸው ሥር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምኖረው፤ ከባሌና ገና ጥርስ ከምታወጣ ልጄ ጋር። ኮርኒሴ የእሳቸው ወለል ነው። ማሽኑ ሲሄድ ሲመለስ፣ ጀሪካኑ ሲያርፍ፣ ባላቸው ጋሼ ሾፌር ሲስቁ እሰማ ነበር። እንዲህ እየሰማሁ ግን ብዙ ጊዜ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም።

እትዬ ሹራብ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሕንጻው ነው። በልጅነታቸው ሹራብ ፋብሪካ ገቡ፤ ፋብሪካው ሲዘጋ አንዱን አሮጌ ማሽን በካሳ መልክ ወስደው ወጡ። ባላቸውንም ያገኙት እዚያው ነው፤ ክር የሚያመጣው መኪና ሾፌር ነበሩ። «ክሩን አወረደና እኔን ጭኖ ሄደ» ይላሉ እትዬ፣ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው እየሳቁ። ልጅ አልወለዱም። አንድ ቀን ጋሼ መሪ እንደያዙ ግማሽ ጎናቸው ከዳቸው። መኪናውን ዳር አስይዘው፣ የእጅ ፍሬን ስበው ነው የወደቁት፤ ይህችን ሳይናገሩ አይውሉም።

«ዕድሜዬን ሙሉ ጭነት ሳመላልስ ኖሬ፣ እኔው ጭነት ሆኜ ቀረሁ» ይላሉ።

«ያውም ከባድ ጭነት» ይላሉ እትዬ።

«ከባድ አትበይ፣ ውድ በይ!»

ሕንጻችን ሰው ገብቶ የሚያድርበት እንጂ የሚተዋወቅበት አልነበረም። አንዱ ይገባል፣ አንዱ ይወጣል፣ በር ይዘጋል። ሁለተኛ ፎቅ ያለውን ቲቸርን በሳሉ፣ አንደኛ ፎቅ ያለችውን ሲስተርን ከሐኪም ቤት ስትመለስ በጫማዋ ድምፅ ነበር የምናውቃቸው። ምድር ላይ ሱቅ አለ፤ ባለሱቁን ሁሉም ያውቀዋል፣ እሱም ሁሉንም ያውቃል፤ ግን ከመስኮቱ ወዲያና ወዲህ ሆነን ነው።

እትዬ ሹራብ ይህን መስበር የጀመሩት በሜትር ነው፤ ልብስ በሚለካበት ሜትር። አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት በር ያንኳኳሉ፣ «ሹራብ ልሥራ፣ ትከሻ ልለካ» ይላሉ። ሰው ሹራብ ሊሸጡ የመጡ መስሎት አንገቱን ብቻ ብቅ አድርጎ «ሌላ ጊዜ እትዬ» ይላል። እኛ ቤት የመጡ ቀን ባሌ ከሥራ መግባቱ ነበር። በያጅ ነው፤ ብረት ሲሸከም ነው የሚውለው። እትዬ ከኋላው ቆመው ሜትሩን ዘረጉና ፉጨት የመሰለ ድምፅ አወጡ።

«እንዴ! ይሄ ትከሻ እስከ ዛሬ የት ነበር?»

«ባለቤት አለው እኮ እትዬ» አልኩ ልጄን እያባበልኩ።

«አልወስድብሽም ልጄ፣ እዋሳለሁ እንጂ» አሉ።

ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። ለምን እንደሚለኩ ያወቅሁት ኋላ ነው። ጋሼን ከአራተኛ ፎቅ አውርዶ መንገድ ላይ የሚያደርስ አራት ሰው እየፈለጉ ነበር። ደረጃችን ጠባብ ነው፣ ሲታጠፍ ደግሞ ይብሳል። ሁለት ሰው አይበቃም፤ እትዬ የራሳቸው ወገብ እንደማይቆጠር ያውቃሉ። ስለዚህ አራት ትከሻ፣ ቁመቱ የሚቀራረብ።

ለባለሱቁ ግን ሳይሸፋፍኑ ነገሩት። እሱ ጠዋት ሱቁን እየከፈተ ነበር፤ እኔ ወተት ልገዛ ቆሜያለሁ።

«ወንድሜ፣ አንድ ቀን አንድ ነገር ቢፈጠር፣ እሳት ቢነሳ፣ ግድግዳ ቢናድ፣ ሰውዬዬን ከላይ የሚያወርድ አራት ትከሻ ያስፈልገኛል። አንዱ ያንተ ይሁንልኝ።»

ባለሱቁ እጁን ከቁልፉ ላይ አነሳ። «እትዬ! የሰይጣን ጆሮ ይደፈን! ገና በሬን ሳልከፍት ምን ያሟርቱብኛል?»

«ሟርት አይደለም፤ ልመና ነው።»

«ክፉ ነገር ሲያወሩት ነው የሚመጣው እትዬ። ይተዉኝ።»

በዚያው ቀን ወሬው ፎቅ ለፎቅ ወጣ። እትዬ ሹራብ ሟርተኛ ተባሉ። በር ሲያንኳኩ ሬዲዮ መቀነስ ተጀመረ። እኔም ወተቴን ይዤ ዝም ብዬ ወጣሁ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀፎኝ ነበር።

ከሕንጻችን ጎን ያለው ባዶ ቦታ በቆርቆሮ የታጠረው በዚያ ሰሞን ነው። መጀመሪያ መሬት የሚቆፍር ኤክስካቫተር ገባ። ከዚያ ገልባጭ መኪናዎች አፈር ሲያወጡ ይውላሉ፣ ሲያወጡ ያመሻሉ። ከመስኮቴ ቁልቁል ሳይ የጉድጓዱ ሥር አይታየኝም ነበር። ዝናብ ሲጀምር ውሃ የሚስብ ፓምፕ አመጡ፤ ያ ፓምፕ ያለ ማቋረጥ ያጉረመርማል። ልጄ በእሱ ድምፅ መተኛት ለመደች፤ ሲቆም ነበር የምትነቃው።

ከዚያ በሬ መያዝ ጀመረ። በትከሻዬ ካልገፋሁት አይከፈትም። «ዝናብ ነው፣ እንጨት ያብጣል» አለ ባሌ። የሰፈሩ አናጢ መጣ፣ ጠርዙን ላገው፣ ብናኙን ጠርጌ ጣልኩ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ያዘ፤ እንደገና ላገው። ለማንም አላወራሁም። ቤቴ አንድ ነገር ሆኗል ብሎ ማን ያወራል? ስለ ክፉ ነገር ዝም ካልነው ያልፋል ተብለን ነው ያደግነው።

አንድ ከሰዓት እትዬ ለልጄ ሹራብ ሊለኩላት ጠሩኝና ወጣሁ። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት፤ በመስኮቱ በኩል ማሽኑ፣ በግድግዳው በኩል የጋሼ አልጋ፣ ጥግ ላይ ክር የሞላ ቅርጫት። ልጄ ከእጄ ተንጠራርታ አንዱን የክር ድቡልቡል ጎተተች። ድቡልቡሉ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ወድቆ ግን አልቀረም። ቀስ እያለ፣ ማንም ሳይነካው፣ ክፍሉን አቋርጦ በጉድጓዱ በኩል ያለው ግድግዳ ጋ ሄዶ ቆመ።

«አየሽ?» አሉ ጋሼ ከአልጋቸው። «ሁልጊዜ ወደዚያው ነው የሚሄደው።»

«ዝም በል፣ ልጅቷን አታስፈራራ» አሉ እትዬ።

«እኔ ዕድሜዬን ወንበር ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ። መኪና ሲያዘነብል መቀመጫዬ ቀድሞ ያውቃል። ይሄ መኪና ወደ ግራ አዘንብሏል።»

ሳቅሁ። ልወጣ ስነሳ እትዬ በሩን ሳቡት፤ እምቢ አለ። አንድ እግራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው በሁለት እጃቸው ጎተቱት።

«ይቅርታ ልጄ፤ አናጢው ላገው፣ ተመልሶ ያዘ።»

«የእናንተም?» አልኩ።

እትዬ እጀታውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። «የእናንተም?»

ከታች ፓምፑ ያጉረመርማል።

«በሉ ሁሉንም ቤት ጠይቁ» አሉ ጋሼ። አሁን አልሳቁም።

«እኔ ብጠይቅ ሟርተኛዋ መጣች ነው የሚሉት» አሉ እትዬ። «አንቺ ልጅሽን ታቅፈሽ ከፊቴ ቁሚ። ልጅ ያቀፈች ሴት ፊት ላይ በር የሚዘጋ የለም።»

እንዳሉትም ሆነ። ቲቸር በሩን በጉልበቱ ጎትቶ ከፈተልን። «በርዎ ይይዛል?» ብለን ስንጠይቀው ፊቱ ቀላ፤ ሚስጥሩን የደረስንበት ይመስል ነበር። «እ... ዝናቡ መሰለኝ። ሁለት ጊዜ አስልጌዋለሁ።» ሲስተር ደግሞ አንድ ምሽት በሯ አልከፈት ብሏት ሥራ ቦታ ተመልሳ ማደሯን ነገረችን። በሩ የያዘበት ሁሉ አስልጎታል። ለሁሉም የላገው ያው አንድ አናጢ ነው። ግቢ ውስጥ አግኝቼው፣ «አንተ ሁሉንም ቤት ስትልግ ምነው ለአንዳችን እንኳ ብትነግረን?» አልኩት።

ተቀየመኝ። «እኔ የሰው ገመና አውጪ ነኝ እንዴ እህቴ? የገባሁበትን ቤት ጉድ ሌላ ቤት አላወራም። እንጀራዬ እኮ ነው።»

እውነቱን ነው። ሰውየው ጨዋ ነው፤ እኛም ጨዋዎች ነን። በጨዋነታችን ሁላችንም በየቤታችን በር እያስላግን ሕንጻው ወደ ጉድጓዱ ሲያዘም ከረመ።

በማግሥቱ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተሰበሰብን፤ በአንድ ላይ ስንቀመጥ የመጀመሪያችን ነው። የቤት በርጩማ ያለው በርጩማ፣ የሌለው ጀሪካን ይዞ መጣ። የሚይዙት በሮች ሁሉ በጉድጓዱ በኩል ያሉት ናቸው። ይህን ጮክ ብሎ የተናገረው ቲቸር ነው። ባለሱቁ መጥቶ ነበር፤ ግን ከሁላችን ዝቅ ብሎ ቆሞ ግድግዳውን እንዳይነካ ይጠነቀቃል።

አከራያችን በስልክ «ዝናብ ነው» አለ። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ተመላልሰን፣ አንድ መሐንዲስ ተላከልን። ደረጃው ግድግዳ ላይ ጣት የማታስገባ ስንጥቅ አገኘ፤ በላይዋ ላይ ትንሽ ቁራጭ ብርጭቆ በሲሚንቶ ለጠፈባት። «ይህ ብርጭቆ ከተሰበረ ግድግዳው እየሄደ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ደውሉልኝ» ብሎ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ደህና አደራችሁ» ቀረ። የሚወርደው የሚወጣውን ስለ ብርጭቆው «አለ?» ይለዋል፤ ያኛው «አለ» ይላል። ይሄው ሰላምታችን ሆነ።

ባሌ ከቀጭን ቧንቧ ቃሬዛ በየደ። ባለሱቁ ሲያየው ፊቱን አዞረ፤ «በቁሙ ላለ ሰው ቃሬዛ አይሠራለትም፤ እኔ የለሁበትም» አለ። ስለዚህ ሦስት ትከሻ ቀረን፦ ባሌ፣ ቲቸርና ሲስተር። አራተኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ግን ልጄን የት ላድርጋት? አንዳንዴ እትዬ ይይዙልኛል፣ እንለማመዳለን።

«እኔን ለምን ትሞክሩብኛላችሁ?» አሉ ጋሼ። «መጀመሪያ ቲቸርን ጫኑት።»

ቲቸርን ጫንነው። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ዘንበል አለና «ኧረ ልጆቼን አደራ!» ብሎ ጮኸ፤ ልጅ የለውም። እትዬ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ጋሼ ከላይ ሆነው ይጣራሉ፦ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ! የእኔ ሚስት ድሩን አግኝታለች፣ አንበሳው ግን ተኝቷል!» ሕንጻው ውስጥ እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። የዚያን ቀን ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ዋለ።

እሑድ ከሰዓት ነበር። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች፤ ፓምፑ ቆሟል። ልጄ ከእንቅልፏ ነቃች። ይዣት ስወጣ ሲስተርን ደረጃው ላይ ቆማ አገኘኋት።

«አለ?» አልኳት።

ግድግዳውን በጣቷ ጠቆመችኝ። ብርጭቆው መሐል ለመሐል ቀጭን መስመር ሠርቷል። ቲቸር ለመሐንዲሱ ደወለ። «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» አለ መሐንዲሱ።

ነገ እስኪመጣ አልጠበቀም። ከግድግዳው ውስጥ፣ ከሥር ወደ ላይ፣ ወፍራም ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ ሄደ። አቧራ ከኮርኒሱ ዘነበ። ባሌ፣ ቲቸርና ሲስተር ወደ አራተኛ ፎቅ ሲሮጡ እኔ ልጄን ደረቴ ላይ ለጥፌ እስከ ታች ድረስ ወረድኩ፤ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ባለሱቁና ሚስቱ መንገድ ላይ ወጥተው ቆመዋል። ልጄን ለሚስቱ ሰጠኋትና ዞርኩ።

«ወዴት?» አለኝ ባለሱቁ።

«አራተኛ ትከሻ የላቸውም።»

ልጄን አየ። እኔን አየ። ሕንጻውን አየ። የተቆጣው እኔን ይሁን ራሱን አላውቅም፤ ብቻ «አንቺ እዚሁ ቁሚ!» ብሎኝ ሮጦ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እየተቀባበሉ የነገሩኝ ነው። የእትዬ በር ጨርሶ ተቀርቅሮ ነበር፤ እትዬ ከውስጥ ይጎትታሉ፣ ባሌ በብረት ማጠፊያውን ነቅሎ ገነጠለው። ጋሼን ቃሬዛው ላይ ሲያስሯቸው «ቀስ በሉ፣ ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ነው የሚወረደው» ይሏቸው ነበር አሉ። መታጠፊያው ላይ ባለሱቁ ተንሸራቶ በጉልበቱ ወደቀ፤ እጁን ግን ከቧንቧው ላይ አልለቀቀም። እኔ ከታች የቆርቆሮውን አጥር ነበር የማየው። ማንም ሳይነካው ወደ ጉድጓዱ ይጎነበስ ነበር። በሩ ላይ መጀመሪያ የባሌ ጀርባ፣ ቀጥሎ የጋሼ ነጭ ካልሲ ሲታየኝ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

ሕንጻው አልወደቀም። ቆሟል። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

መሐንዲሱ በማግሥቱ መጥቶ ወደ ላይ እንዳንወጣ ከለከለና የእንጨት ድጋፍ አስቆመ። ዘመድ ያላቸው ሄዱ። ልጄን እህቴ ዘንድ አደረስኳት። ጋሼን መጀመሪያ ውጭ ሸራ ሥር አስተኛናቸው፤ ቅዝቃዜው ደረታቸው ገባ፤ ሲስተር «ግድግዳው ሳይጥላቸው ብርዱ ይጥላቸዋል» አለች። ያን ጊዜ ባለሱቁ ማንም ሳይጠይቀው የሱቁን ጓዳ ሳሙናና ጆንያ አወጣ፤ አልጋውን እዚያ ዘረጋ። ጋሼ «አሁንስ ከዕቃ ተቆጠርኩ፤ የተጻፈብኝን ዋጋ እዩልኝ» አሉት። እኛ ሱቁ በር ላይ ሸራ ወጥረን ልብሳችንን ሳናወልቅ እናድራለን። ጋሼ ቢያንስ ከመንገዱ አንድ እርምጃ ናቸው፤ ግን ከላያቸው ያ ሁሉ ፎቅ አለ።

ከእትዬ ጋር ቤት ፍለጋ እንዞራለን። ምድር ላይ ያለ ክፍል ሲገኝ አከራዮች ይጠይቃሉ።

«ማን ነው የሚኖርበት?»

«እኔና ባሌ።»

«ባልሽ ምን ይሠራል?»

«ይተኛል» ይላሉ እትዬ። መዋሸት አይችሉበትም።

አንዷ ሴትዮ ቁልፉን ከሰጠችን በኋላ መልሳ ተቀበለችን፤ «ቤቴ ውስጥ ሰው እንዲሞትብኝ አልፈልግም» አለች። ሌሎቹ «ተይዟል» ነው የሚሉት።

እኛ ቤት አግኝተናል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ለእነሱ አይሆንም። ቁልፉ የባሌ ኪስ ውስጥ ነው። ልጄን ለማቀፍ እጄ ያሳክከኛል። ግን እኛ ሁለታችን ከሄድን ሦስት ይቀራሉ፤ ሦስት ሰው ቃሬዛ አይይዝም፣ ይገለብጣል። ቲቸር እናቱ ቤት መግባት ይችላል፣ አልገባም። ሲስተር ሐኪም ቤት ማደር ትችላለች፣ አላደረችም። እትዬ «ሂዱ፣ ልጅ አላችሁ» ብለው ተቆጡን። ባሌ «እሺ እትዬ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ መሄድ ያወራ የለም።

ዛሬ ጠዋት የሱቁ በር አልከፈት አለ። ብረት ነው። ባሌ በብረት ዱላ ፈልቅቆ፣ ሁለት ሰው ጨምሮ ነው የከፈተው። ብረት በዝናብ አያብጥም። ባለሱቁ ጓዳ ገብቶ ጋሼ አጠገብ ተቀመጠ።

እትዬ ሹራብ ያን ጊዜ ጠሩኝና «ጻፊልኝ፣ የሚያነብ ሰው አይጠፋም» አሉኝ። ያሉትን እንዳሉት ነው የማስቀምጠው፦

«ልጆቼ፣ ደረጃ የሌለው ክፍል ያላችሁ፣ ትንሽም ብትሆን፣ አልጋ የሚያስገባ በር ካላት ለእኔና ለባሌ ስጡን። ኪራዬን እየሠራሁ እከፍላለሁ፤ ማሽኔን ይዤ ነው የምመጣው። ባሌ ቀልድ ያበዛል እንጂ ሰው አያስቸግርም። በሽተኛ አለ ብላችሁ አትመልሱን። የተቆፈረው ጉድጓድ አጠገብ ያዘመመ ሕንጻ አለ፤ ከሥሩ ሱቅ አለ፤ ቀንም ሌሊትም እዚያ ነን። እኛ እስክንወጣ ድረስ እነዚህ ልጆች አይወጡም። እባካችሁ ክፍል ካላችሁ ዛሬውኑ ንገሩን፤ ነገ አትበሉ።»